ጥርስ ቆጣሪዋ

እኛ ግቢ አፍ የሚዘጋበት አንድ ቦታ አለ። ከውጭው በር ገብታችሁ፣ የውሃ ቧንቧውን አልፋችሁ፣ የኮሽም አጥሩ የሚጀምርበት ጋ ነው። እዚያ ሲደርስ ወሬኛው ሁሉ ወሬውን ያቆማል፣ ከንፈሩን ይገጥማል፣ ሰላምታም በአንገት ብቻ ይሆናል። እንግዳ ሰው ለቅሶ ቤት የገባ ይመስለዋል። ኧረ ምንም ለቅሶ የለም፤ ያለችው እስስት ናት።

ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ እስስት ጥርስ ትቆጥራለች። እሷ ፊት አፉን የከፈተ ሰው ጥርሱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ ይቆጠራል፤ ቆጠራው ካለቀ በቃ፣ አንድ በአንድ ይረግፋል። ይህን ልጆች ሆነን ያልሰማን የለንም። እኔ የሰማሁት ከአዲስ አበባ ርቄ፣ በተወለድኩበት ደቡብ ነው። ኋላ አድጌ፣ ተምሬ፣ ጉርድ ሾላ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ ስጀምር ግን ተውኩት። የተውኩት መስሎኝ ነበር ማለት ይሻላል።

ግቢው የእማማ ነው። እኔ በሰርቪስ ቤታቸው አንዲት ክፍል ተከራይቼ መኖር ከጀመርኩ ይኸው ስድስተኛ ዓመቴ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ ነን፤ ከበላያችን ጥቂት ቤቶች፣ ከዚያ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ እንጦጦ። እማማ ሰባን አልፈዋል። ልጆቻቸው አግብተው ከወጡ ወዲህ ትልቁ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ጴንጤ ናቸው፣ ያውም ማመን በሚያስቀጣበት ጊዜ ያመኑ፣ የድሮዎቹ። ቡዳ አይፈሩም፣ ሟርት አይፈሩም። የጎረቤት ውሻ ሲያላዝን በመስኮት ብቅ ብለው «በኢየሱስ ስም ዝም በል!» ይሉታል፣ ዝምም ይላል። እስስት ስትመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

«እማማ፣ እርስዎ አማኝ አይደሉም እንዴ?» ስላቸው፣

«እምነት ሌላ፣ ጥርስ ሌላ» ነው መልሳቸው።

እሳቸውን የመንደሩ ሰው የሚያውቃቸው በእልልታቸው ነው። ሐሙስ ሐሙስ አመሻሹ ላይ ሳሎናቸው ውስጥ የሰፈሩ አማኞች ለጸሎት ይሰበሰባሉ። መዝሙሩ ሞቅ ሲል እማማ ራሳቸውን ቀና አድርገው አንዴ እልል ካሉ ቆርቆሮው ይነዝራል። የቀበና ሰው ሳይቀር የእማማን እልልታ ሰምቶ ቀኑ ሐሙስ መሆኑን ያውቃል እየተባለ ይቀለድባቸዋል፤ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል።

አጥሩ ደግሞ የእኔ ነገር ነው። ሰው አትክልት ይተክላል፤ እኔ የበቀለውን አልነቅልም፣ ሥራዬ ይኸው ነው። ኮሽሙን የተከሉት የእማማ ባለቤት ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። የቀረው ሁሉ ወፍ ዘራሽ ነው። በኮሽሙ እሾህ መሐል ቀጋ ገብቶ ተጠላልፎበታል፣ በሥሩ እንጆሪ ይሳባል፣ በጥጉ ግራዋ ቆሟል፣ ሳማው መንገድ ዳር ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ይለበልባል። ኮሽሙ ቢጫ ፍሬ ሲይዝ ወፎቹ ከእንጦጦ ወርደው ቁርስ ይበሉበታል። አንድ ቁራ አለ፣ የእማማን የልብስ ሳሙና እየሰረቀ እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ የሚነካክሰው። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ሩብ ሰዓት እዚያ ካልቆምኩ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር የረሳሁ ይመስለኛል።

እማማ መጀመሪያ ላይ ይህን ሁሉ አረም ማስነቀል ፈልገው ነበር። እኔም ቀጣፊ ነኝ፣ አልክድም። «ይቺስ ምንድን ናት?» ሲሉኝ «ለጨጓራ ናት እማማ» እላለሁ። «ይሄስ?» «ለግፊት!» እንዲህ እንዲህ እያልኩ የግቢውን አረም በሙሉ መድኃኒት አደረግኩት። አንድ ቀን የጸሎት ጓደኛቸው ለወገቧ የሚሆን ቅጠል ልትጠይቀኝ መጣች። እህቴ፣ ለወገብ የሚሆነው ገና አልበቀለም ብዬ ሸኘኋት።

እስስቷ የመጣችው ክረምቱ እንደወጣ ነው። ቀጋው ላይ አንድ ቅጠል ሲራመድ አየሁ። ጠጋ ስል እሷ ናት፤ እግሯን አንስታ፣ ልርገጥ አልርገጥ እያለች፣ ሁለት ጊዜ ወደፊት አንድ ጊዜ ወደኋላ። ደስ ብሎኝ በሠላሳ ሁለት ጥርሴ ሳቅሁ። ወዲያው ከኋላዬ አንድ ሳሙና ሳሙና የሚል እጅ አፌ ላይ ተለጠፈ።

«ዝጊ! አንቺ ልጅ፣ ዝጊ ነው የምልሽ!» ይሉኛል እማማ፣ ራሳቸው በተገጠመ ከንፈር፣ በአፍንጫቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የአጥሩ ሕግ ወጣ። ማንም እዚያ አፉን አይከፍትም።

ሕጉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም ከእኔ ይጀምራል። አንድ ቅዳሜ እማማ ልብስ እያሰጡ፣ እኔ ቧንቧው ጋ እያጠብኩ፣ ያቺ ወገቧን የሚያማትን የጸሎት ጓደኛቸውን አነሳሁ። እህታችን ስትጸልይ ከእንጦጦ ጀምራ ቁልቁል ቤት ለቤት ነው የምትወርደው፤ የሁሉንም ጓዳ ሳትነካ አሜን አትልም። ድምፅዋን አስመስዬ «ጌታ ሆይ፣ ባልንጀራዬ የተበደረችኝን ወንፊት የምትመልስበትን ልብ ስጣት…» ስል እማማ አልቻሉም። ልብሱን ይዘው ወደኋላ ተለጥጠው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እሳቸው ወደኋላ ሲያፈገፍጉ፣ እኔ ስከተላቸው፣ ስንነቃ ለካ አጥሩ ሥር ደርሰናል። እስስቷ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ አንድ ዓይኗ እማማ ላይ፣ አንድ ዓይኗ እኔ ላይ።

እማማ አፋቸውን በልብሱ ያዙ። «ቆጠረችኝ» አሉ።

«ኧረ አልደረሰችም እማማ፣ ግማሽ ላይ ነው የዘጉት» አልኩ እየሳቅኩ፣ እኔም አፌን በእጄ ይዤ።

በሳምንቱ ዳቦ ሲቆርሱ አንድ የፊት ጥርሳቸው ወለቀ።

ሁለተኛው ብዙም አልቆየ። ጥርስ ሐኪሙ የድድ በሽታ ነው፣ የቆየ ነው፣ የቀሩትም አያስተማምኑም፣ ሁሉም ወጥተው ሰው ሠራሽ ይተካል አላቸው። ይህን ሲነግሩኝ «አዩ እማማ፣ ድድ ነው እኮ!» አልኩ፣ እፎይ ብዬ። እሳቸው ግን ድዱን ማን ነካው በሚል ዓይን አጥሩን አዩት። በቀራቸው ጥርስ እስስቷ ላይ ጥርስ ነከሱባት።

እየተመላለሱ ሲያስነቅሉ ሰነበቱ። ነጠላቸው አፍንጫቸው ድረስ ወጣ፣ እዚያው ቀረ። ስንት ጥርስ እንደቀራቸው ብጠይቅ «አሉ፣ አሉ» ብቻ ነው። ሻይ ቢጠጡ ፊታቸውን አዙረው፣ ቢያወሩ በነጠላ ውስጥ። ሐሙስ ግን ከሁሉ ይከፋል። መዝሙሩ ይሞቃል፣ ያ የእልልታ ቦታ ይደርሳል፣ ሁሉም ወደ እማማ ያያል፤ እማማ መሬት መሬት ያያሉ። መዝሙሩ ያለ እልልታ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንድ ሐሙስ ሌላ ሴትዮ እልል ልትል ሞከረች፣ በመሐል ሳል አቋረጣት። እኔ ጥግ ተቀምጫለሁ። ድድ ነው፣ በሽታ ነው፣ ሳይንስ ነው እያልኩ ራሴን ባጽናናም፣ ያሳቅኳቸው እኔ ነኝ።

አንድ ሰኞ ከሐኪም ተመልሰው በረንዳው ላይ ቆሙና ፍርዱን ተናገሩ። «ቅዳሜ ሰው ይመጣል፣ አጥሩ ይቆረጣል። ቆርቆሮ ነው የሚመታበት።»

«እማማ፣ የጋሼ እጅ የተከለው እኮ ነው!»

«እሳቸውም ቢሆኑ እስስት አልተከሉም።»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው» አልኩ፣ ተናድጄ።

«ዳዋውማ ነው አይጧን ያስጠለላት» ብለው ገቡ።

እንቅልፍ አልወሰደኝም አልልም፣ ወሰደኝ፤ ግን ስነቃ ተንኮል ይዤ ነቃሁ። እስስቷ ከሌለች አጥሩ ምን ጥፋት አለበት? ወስጄ ቀበና ወንዝ ዳር እለቃታለሁ፣ ቅጠል ሞልቷል፣ ዝንብ ሞልቷል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እንዲህ ነው። ረቡዕ ማለዳ በእንጨት አድርጌ አነሳኋትና ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ከነቅጠሏ አስቀመጥኳት። አየር እንዳያጥራት ክዳኑን ላላ አድርጌ፣ ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ፣ ወደ አራት ኪሎ የሚወርደው ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ከኋላ ወንበር መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። አጠገቤ ከረባት ያሰረ ሰውዬ። ከፊቴ ደግሞ ማን ትግባ? ጸሎተ ረጅሟ እህታችን! «ጌታ ይባርክሽ፣ ወደ ሥራ ነው?» አለችኝ። «አሜን፣ ወደ ሥራ» አልኩ። በጠዋቱ ዋሸሁ።

አንድ ቁልቁለት እንደወረድን የባለ ከረባቱ ትከሻ ላይ አረንጓዴ ነገር ስትወጣ አየሁ። ልርገጥ አልርገጥ እያለች። ሰውዬው ዞር አለ፤ አያት፤ አፉን ገጠመ። ከፊቱ ያለችው ልጅ አየች፤ ስልኳን እያወራች ነበር፣ በመሐል ቀጥ። ጸሎተ ረጅሟ ዞረች፤ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «ቀበና! አራት ኪሎ! ቀበ…» ሲል ወደ ውስጥ ተመለከተ፤ ቀበናው እዚያው ጉሮሮው ላይ ቀረ። ያ የጠዋት ታክሲ፣ ያ ሁሉ ጨዋታ፣ ጸጥ።

ሾፌሩ ብቻ ነው ምንም ያላወቀ። «ወራጅ አለ?» አለ።

ወራጅማ ነበር! ፋርማሲው ጋ የሚወርድ ነበር፣ ትምህርት ቤቱ ጋ የምትወርድ ነበረች። ግን ወራጅ ለማለት አፍ መክፈት ያስፈልጋል። አንዱ በጣቱ መስኮቱን ቢያንኳኳ ሾፌሩ ሙዚቃው የጣመው መስሎት ድምፁን ከፍ አደረገለት። ሰዎቹ ቤታቸው፣ ቢሮአቸው፣ ቀጠሮአቸው በመስኮት ሲያልፍ ዓይናቸውን እያቁለጨለጩ ያያሉ። ቀበናም ደረሰ። ድልድዩን አየሁት፣ ወንዙን አየሁት፣ ልለቃት ያሰብኩበትን ቁጥቋጦ ሳይቀር አየሁት። «ወራጅ» ማለት የእኔ ፈንታ ነበር። እኔ፣ የተማርኩት፣ እማማን የምስቅባቸው። ወይ ጉድ! ከንፈሬ ቢከፈትልኝ ምን አለ። ጥርሴን ነክሼ፣ ከንፈሬን ገጥሜ፣ ቀበናን አልፌ አራት ኪሎ ደረስኩ።

የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሁሉም እየተጋፋ ወርዶ አስፋልቱ ላይ አፉን ከፈተ። ስድቡን አልደግመውም። እስስቷን ከባለ ከረባቱ ላይ በምሳ ዕቃው ክዳን ተቀበልኳት። አራት ኪሎ ላይ የት ልልቀቃት? መኪና ነው፣ ድንጋይ ነው። በመጣሁበት ታክሲ መስመር ተመለስኩ፣ ቀበና ላይ ዳግመኛ «ወራጅ» ማለት አቅቶኝ እስከ ሰፈር ይዣት ወጣሁ፣ ቀጋው ላይ መልሼ አስቀመጥኳት፣ ቢሮም አርፍጄ ገባሁ። ጸሎተ ረጅሟ ምንም ሳትለኝ ነበር የሄደችው። ዝም ማለቷ ነው ያስፈራኝ።

ፍርሃቴ ልክ ነበር። እኛ አማኞች ሰው አናማም፤ እንጸልይለታለን። ሐሙስ ተራዋ ሲደርስ ዓይኗን ጨፍና ከእንጦጦ ጀመረች። ቁልቁል ወርዳ ወርዳ እኛ ግቢ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጌታ ሆይ፣ በምሳ ዕቃ እስስት ይዘው ታክሲ የሚሳፈሩ እህቶቻችንን አስባቸው። አእምሮአቸውን ጠብቅ።»

ሰው ሁሉ «አሜን» አለ። እኔም ምን ላድርግ፣ አሜን አልኩ።

ሰው ሲበተን እማማ አስቀሩኝ። «ማንን ልታድኚ ነው?» አሉኝ በነጠላቸው ውስጥ። «እሷን ነው እኔን?»

«ሁለታችሁንም» አልኩ። ከዚያ ቀልዱ ሁሉ ጠፋኝ። «እማማ፣ ያን ቀን ባላስቅዎ ኖሮ…»

«እሱን ተይው» አሉ። «ጥርሱስ ይሁን። ሐሙስ ሲደርስ ነው የሚጨንቀኝ። ሃምሳ ዓመት የከፈትኩትን አፍ አምላኬ ፊት አፈርኩበት፣ ልጄ።» እንባቸውን በነጠላው ጠረጉት፣ ነጠላው ግን ከአፋቸው ዝቅ አላለም። እጃቸውን ያዝኩ። «አጥሩ ግን ይቆረጣል» አሉኝ፣ እጄን ሳይለቁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰውዬው ገጀራውን ይዞ መጣ። ትከሻው የበር ያህል ነው። እጅጌውን ሰብስቦ፣ ገጀራውን አንስቶ፣ ወደ ቀጋው ጠጋ አለ። ከዚያ ገጀራው አየር ላይ ቀረ። አፉን በሌላ እጁ ያዘና በመጣበት መንገድ ወደኋላ ወደኋላ እየተራመደ በረንዳው ሥር ደረሰ።

«ምን ሆንክ?» አሉ እማማ።

«እናቴ፣ ሌላ ሥራ ካለ ይዘዙኝ» አለ በጣቶቹ መሐል። «እኔ ገና ሥጋ የምበላ ሰው ነኝ።»

እኔ ሳቄን ዋጥኩ። እማማ ግን ቱግ አሉ። የተመረኮዙትን ዱላ ጥለው፣ ከበረንዳው ወርደው፣ ቀጥ ብለው ወደ አጥሩ ሄዱ። «እማማ፣ ይተዉ!» እያልኩ ተከተልኳቸው። እስስቷ ቅርንጫፍ ላይ ናት፣ አንድ ዓይኗን ብቻ አዞረችላቸው። እማማ ነጠላውን ከአፋቸው ገፈፉ፣ ጎንበስ አሉ፣ አፋቸውን እስከ ጉሮሮ ከፈቱላት።

«ነይ! ቁጠሪ! አንድ በይ እስቲ!»

ክው ብዬ ቀረሁ። አንድም የለም። ላይም ታችም ድድ ብቻ ነው፣ እንደ ሕፃን ልጅ። «አሉ፣ አሉ» ሲሉኝ የነበረው ሁሉ አልቋል ለካ።

እስስቷ ሁለተኛ ዓይኗንም አመጣች። ላይ አየች፣ ታች አየች። ልቁጠር አልቁጠር እንደምትል እግሯን አንስታ ቆየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ዞራ፣ ጭራዋን ጠቅልላ፣ ወደ ኮሽሙ ውስጥ ገባች።

እማማ አፋቸውን እንደከፈቱ ናቸው። አሁን ያለቅሳሉ ብዬ ጠጋ አልኩ። ሰውዬው ከበረንዳው ሥር፣ እጁን ከአፉ ሳያነሳ፣ «ምን ትሥራ፣ ሥራ ፈታች እኮ!» አለ።

እማማ ሳቁ። መጀመሪያ በሆዳቸው፣ ቀጥሎ በትከሻቸው፣ ቀጥሎ ያ የድሮው ሳቅ መጣ፣ ወደኋላ የሚለጥጠው። እንባቸው ወረደ፣ ነጠላው መሬት ወደቀ፣ አላነሱትም። ሳቁ ሳያልቅ ራሳቸውን ቀና አደረጉና እልል አሉ። ቆርቆሮው ነዘረ። ያ ሳሙና ሌባ ቁራ ደንግጦ በረረ። በሩ ተበርግዶ ጸሎተ ረጅሟ እህታችን ገባች፣ ሊጥ በእጇ።

«ሃሌ ሉያ! ምን ተገኘ?»

«ምንም የተገኘ የለም» አሉ እማማ፣ ድዳቸውን እያሳዩ። «በጠፋው ነው የምስቀው።»

ሰውዬው ከመንገዱ ዳር ያለውን ሳማ ብቻ አጭዶ፣ ሻይ ጠጥቶ ሄደ። ስለ ቆርቆሮው ከዚያ ወዲያ ያነሳ የለም።

እስስቷ ኋላ ወለደች። የክብሪት እንጨት የሚያህሉ ልጆች ቀጋው ላይ ተበትነው አገኘኋቸው። እማማን ጠርቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩና «እነዚህስ ግድ የለም፣ ገና ቁጥር አልተማሩም» አሉ።

አዲሱ ጥርሳቸውም ደርሷል። ነጭ፣ ድርድር ያለ፣ ለእሑድና ለእንግዳ። ሐሙስም እሱን አድርገው ነው እልል የሚሉት፤ ትንሽ ያፏጫል ይላሉ ሰዎች፣ ለእኔ አልተሰማኝም። ጠዋት ጠዋት ግን ከእኔ ጋር አጥሩን ውሃ ሊያጠጡ ሲወጡ ቧንቧው ጋ ይቆማሉ፣ ጥርሳቸውን ያወልቁና በመሐረብ ጠቅልለው ይሰጡኛል።

«ያዥልኝ» ይላሉ። «እነዚህንም ደግሞ ትቁጠርብኝ?»

ከዚያ ባዶ አፋቸውን ከፍተው፣ እያወሩ፣ እየሳቁ፣ እስስቷን «እንዴት አደርሽ» እያሉ አጥሩ ሥር ይገባሉ። እኔ የሰው ጥርስ በመሐረብ ይዤ፣ የራሴን ሠላሳ ሁለት ገጥሜ፣ ከኋላቸው ቆሜ በአንገቴ ብቻ ሰላም እላታለሁ።